ያላላበው ድንጋይ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ደባርቅ ውስጥ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር። በኬሚስትሪ ተመርቄ ላቦራቶሪ ስጠብቅ የመንግሥት ቤቶች ጥገና ክፍል ተመደብኩ። ነጭ ጋዋን ይሰጠኛል ብዬ ነበር። የተሰጠኝ ባልዲ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ አንድ ጀሪካን የተልባ ዘይትና በጨርቅ የተቋጠረ ሰም ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ተሰማ ነበሩ፤ አጭር፣ ቆፍጣና፣ ካኪ የማይለያቸው ሰው።

«ኬሚስቷ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ምን?»

«አዎ አልኩ።»

«ድምፅ አልመደቡልሽም እንዴ? ግድ የለም፤ ሥራሽ ከድንጋይ ጋር ነው። እሱም አያወራም።»

አጠገባቸው የቆሙት ግንበኛው ጋሽ ደሳለኝ ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያን ጊዜ ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳ ፊቴ ይቀላ ነበር።

የድንጋይ ወለል ማሸግ ላልሠራው ሰው ቀላል ይመስላል። ድንጋይ ግን ይጠጣል። ውሃ ይጠጣል፣ ቅባት ይጠጣል፣ የፈሰሰ ወጥ ይጠጣል፤ የጠጣውን ደግሞ በቀላሉ አይመልስም። ስለዚህ መጀመሪያ በአመድ ውሃና በደቃቅ አሸዋ ይፈተጋል። ከዚያ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ሲደርቅ የተፈላ የተልባ ዘይት በላምባ ቀጥኖ በጨርቅ ይቀባል፤ ድንጋዩ ያልጠጣው ትርፍ ወዲያው ይጠረጋል። በመጨረሻ ሰም በሙቅ ውሃ ላይ ይቀልጥና በስሱ ተለቅልቆ በሱፍ ጨርቅ ይወለወላል። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ዘይት የነካው ጨርቅም ተጠቅልሎ አይተውም፤ ሳይለኩሱት ራሱ ይነዳል። ዘይቱን የምናመጣው ከዳባት ነበር፤ የዳባት ተልባ ጥሩ ዘይት ይወጣዋል።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ቤት ከከተማው ዳር፣ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። ቀድሞ የአንድ ባላባት ነበር። ትርፍ ቤት ተብሎ ተወርሶ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ባላባቱ አዋጁ ሳይወጣ ሞተዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ይታይሽ በጓሮው ሰርቪስ ቤት እየኖሩ፣ የገዛ ቤታቸውን እየጠረጉ ቁልፉን ይጠብቃሉ። እንግዳ የሚያድረው አልፎ አልፎ ስለሆነ ቤቱ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይከርማል።

ሳሎኑ በጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ባለፈው ያደሩት እንግዳ ወለሉ ሲያልበው አድሮ ጫማዬን አራሰው ብለው ተቆጥተው ሄደዋል። ሌሎች እንግዶች ሊመጡ ስለሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታሽጎ እንዲያልቅ ታዘዝኩ።

ጋሽ ደሳለኝ ዕቃውን እስከ ደጃፉ ተሸክመው አመጡልኝና ደፉ ላይ አስቀመጡት።

«በሉ ግቡ እንጂ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እኔ እስከዚህ ነኝ። ባላባቱ ቤቱን አላስረከቡም። አዋጁ ሲነበብ ሞተው ነበርና አልሰሙም።»

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ሲተነፍሱ ይሰማል። ቤት ለማጽዳት የገቡ ሁለት ሴቶች ሰምተው ሥራ ለቀዋል።»

«ጓድ ተሰማ ያውቃሉ?»

«እንዴታ! ‹በሳይንሳዊ ሶሻሊዝም የሞተ ሰው አይተነፍስም› ብለዋል። ብለውስ? ራሳቸው ከበረንዳው አልፈው አያውቁም።»

ገባሁ። ጉም ከደጅ ተከትሎኝ ገባ። ሌሊት በቁር የቀዘቀዘ ድንጋይ ላይ እርጥብ አየር ሲያርፍ ውሃ ይሆናል፤ ይህን ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ። ድንጋዮቹ ሁሉ አልቧቸው በመስኮቱ ብርሃን ያብረቀርቁ ነበር። ከውስጠኛው ግድግዳ አጠገብ ያለ፣ ስፋቱ የትልቅ ትሪ ያህል የሆነ አንድ ድንጋይ ብቻ ደርቋል። ከሌሎቹ መካከል እንደ ታመመ ሰው ፊት ገርጥቶ ይታያል።

ተንበርክኬ መዳፌን አሳረፍኩበት። ደባርቅ ላይ፣ በዚያ ሰዓት፣ ያልቀዘቀዘ ድንጋይ ሊኖር አይገባም። ያኛው ግን ለብ ያለ ነበር። የተኛ ሰው ግንባር የነካሁ ያህል እጄን ሰበሰብኩ።

«ምን ጣልሽ፣ ልጄ?»

ዞር ስል ወይዘሮ ይታይሽ ከኋላዬ ቆመዋል። ሲገቡ አልሰማሁም።

«ይሄኛው አላላበውም፣ እትዬ።»

«ከሥሩ አሸዋ ነው። ከጥንትም እንዲያ ነው። እሱን ተይው፤ ሌላ ሌላውን ሥሪ።» ይህን ብለው መጥተው ድንጋዩ ላይ ቆሙ። ዕቃዬን ወደ ሌላኛው ጥግ እስካዞር ድረስ ከላዩ አልወረዱም።

ሳምንቱን ብቻዬን ስፈትግ ከረምኩ፤ በየጠዋቱም ወይዘሮ ይታይሽ ሳያዩኝ መዳፌን ደረቁ ድንጋይ ላይ አሳርፍ ነበር። ብቻዬን መሥራት ይመቸኛል። ግን አንድ ነገር ያስቸግረኝ ጀመር። ብሩሼን ሳቆም ሌላ ድምፅ ከኔ ጥቂት ዘግይቶ ይቆማል። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ሳሎን ውስጥ ግን ገደል የለም። አንዳንድ ጊዜ ሆን ብዬ በድንገት አቆማለሁ። ያም ይዘገያል፤ ከዚያ ያቆማል። ከዚያ ሁለታችንም ጸጥ እንላለን።

«ሁለታችንም» ብዬ ማሰቤን ያስተዋልኩት ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ነው።

መጋጠሚያዎቹን በኖራ መሙላት ስጀምር ወደ ደረቁ ድንጋይ ደረስኩ። በዙሪያው ኖራ የለም፤ ልቅ አሸዋ ብቻ ነው። የስንጥቁን ጥልቀት ለማየት ጥቂት የደረቀ የኖራ ዱቄት ነሰነስኩበት። ዱቄቱ በዝግታ ከፍ አለ። ቆየ። ተመልሶ ወደ ስንጥቁ ሰጠመ። ደግሞ ከፍ አለ።

መሬት ውስጥ ያለ አየር እንደ ሙቀቱ ይወጣል፣ ይገባል። ይህን ለራሴ በሹክሹክታ አስረዳሁ። ነፋስ ግን እንዲህ በእኩል ልክ አይመላለስም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ራሴን ሳስተውል እኔም ከዱቄቱ እኩል እየተነፈስኩ ነበር። ተነስቼ ወጣሁና በረንዳው ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆምኩ። የዚያን ቀን ተመልሼ አልገባሁም።

በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ጓድ ተሰማ በረንዳው ድረስ መጡ።

«እንግዶቹ ቅዳሜ ይገባሉ። ወለሉ ደርቋል?»

«ገና ነው። ጉሙ አላደርቅ አለው።»

«ጉም ብሎ ሰበብ የለም። ከሰል አስገቡበት፣ መስኮት ዝጉበት፤ ይደርቃል።»

ጋሽ ደሳለኝ ሦስት የከሰል ምድጃ ደጅ ላይ አቀጣጠሉ። አንድ በአንድ በእንጨት እየገፉ ከደፉ አሳለፉልኝ። «ለባላባቱ የመንግሥት ሙቀት» ብለው ሳቁና ወደ ሌላ ሥራቸው ሄዱ። ምድጃዎቹን በየጥጉ አስቀመጥኩ፤ መስኮቶቹን ዘጋሁ፤ በሩን ገጥሜ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።

ወይዘሮ ይታይሽ ገበያ ውለው ተመለሱ።

«ቤቱ ምነው ተዘጋ?»

«ከሰል ገብቶበታል፤ እያደረቅን ነው።»

ዘንቢሉ ከእጃቸው ወደቀ። በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። ተከትዬ ስገባ ምድጃውን በባዶ እጃቸው ይዘው ወደ ደጅ ሲወረውሩት አየሁ። ሁለተኛውንም ያዙ። ሦስተኛውን ቀድሜ በእንጨቱ ገፋሁት። መስኮቶቹን ከፈቱና ሄደው ደረቁ ድንጋይ ላይ ተደፉ። በቁልፋቸው ቀጠቀጡት። ምንም። ደግመው ቀጠቀጡት።

«አለሁ በለኝ!» አሉ፤ አፋቸውን ስንጥቁ ላይ አድርገው። «አንተ ልጅ፣ አለሁ በለኝ!»

ቆይቶ ከታች ኳ አለ። ደግሞ ኳ አለ። የደከመ ድምፅ ነበር።

በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ይታይሽ ዞር ብለው አዩኝ። አላለቀሱም።

«እንግዲህ ሰማሽ» አሉኝ። «ልጄ ነው፤ የመጨረሻዬ። በአፈሳ ይዘው ግንባር ላኩት፤ ከግንባር ጠፍቶ መጣ። ቢያገኙት ይረሽኑታል። ከዚህ ሥር የአማቴ የእህል ጉድጓድ አለ። ቤቱ ባዶ ሲሆን አወጣዋለሁ፤ ሰው ሲኖር ይገባል፤ በብሩሽሽ ድምፅ ተከልሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሙት ነው የሚተነፍሰው ይላሉ፤ ይበሉ። እኔም ነኝ ያስወራሁት።»

በድንጋዩ ዙሪያ ያለውን አሸዋ አሳዩኝ።

«አየር የሚያገኘው በዚህ ስንጥቅ ነው። ከደፈንሽው ይሞታል። ከተናገርሽም ይሞታል። ሌላ የምነግርሽ የለኝም።»

«አልናገርም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ደግሜ አልኩት። ከዚያ ባልዲውን አንስቼ ውሃ አመጣሁና የተቃጠለ እጃቸውን አጠብኩላቸው።

ልጁን ተራራውን ሊያሻግር ቃል የገባ የበየዳ ነጋዴ እንዳለ ነገሩኝ። በበቅሎ እህል ጭኖ ለገበያ ይመጣል። ዓርብ ማታ ደርሶ በሌሊት ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ድንጋዩ የታሸገ መስሎ መታየት፣ ከሥሩ ግን አየር ማስገባት ነበረበት።

ይህ ከኬሚስትሪ ይልቅ የእጅ ሥራ ነው። ፊቱን እንደ ሌሎቹ በዘይትና በሰም አሸግኩት። ለመጋጠሚያው ጠንካራ የስንዴ አገዳ መረጥኩ፤ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ያልተሰነጠቀ። አገዳዎቹን ጎን ለጎን ወደ ታች አስገባሁ፤ ጫፋቸውን ወደ ግድግዳው ሥር አስጠጋሁ። በላያቸው ሰም ከኖራና ከጥላሸት ለውሼ እንደ ሌሎቹ መጋጠሚያዎች መስመር አወጣሁበት። ጎንበስ ብሎ ግድግዳው ሥር ካልፈለገ በቀር ማንም አያያቸውም። ስጨርስ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ፉጨት የመሰለ ቀጭን ትንፋሽ ይወጣል፣ ይገባል። አሁን ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ጆሮዬን ቶሎ አነሳሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጓድ ተሰማ ሥራውን ሊረከቡ መጡ። እንግዶቹ ነገ ስለሚገቡ ከበረንዳው ማለፍ ግድ ሆነባቸው። ደፉን የተሻገሩት ቆባቸውን ከጫኑ በኋላ ነው።

«መታሸጉ በምን ይታወቃል?»

«ውሃ ሲፈስበት ካልጠጣ ታሽጓል።»

ጆግ ሙሉ ውሃ አስመጡና ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየሄዱ ጠብ ጠብ አደረጉ። ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ቆመ። ደስ አላቸው። «ኬሚስትሪ ማለት ይሄ ነው!» ይላሉ በየደረሱበት። ወይዘሮ ይታይሽ መጥረጊያ ይዘው፣ እጃቸውን በነጠላ ሸፍነው በሩ ላይ ቆመዋል።

ጓድ ተሰማ በመጨረሻ ከግድግዳው አጠገብ ያለው ድንጋይ ዘንድ ደረሱ። በጆጉ የቀረውን ውሃ በሙሉ አፈሰሱበት።

ውሃው በሰሙ ላይ ተንሸራቶ ወደ ግድግዳው ሄደና አገዳዎቹ አፍ ላይ ተጠራቀመ። ጥቂት ቆየ። አንድ አረፋ ወጣ። አበጠ፤ ፈነዳ። ውሃው ትንሽ ወደ ታች ተሳበ። ደግሞ ሌላ አረፋ ወጣ፤ አበጠ፤ ፈነዳ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አየር ነው!» አልኩ። ሳሎኑ እስኪያስተጋባ ጮኼ ነበር ያልኩት። «ድንጋዩ ቀዳዳ አለው። ውሃ ሲገባበት አየር ይወጣል።»

ጎንበስ አሉ። ሌላ አረፋ ወጣ፤ ጊዜውን ጠብቆ።

«አየር እንዲህ ልክ እየጠበቀ ነው የሚወጣው?»

ከኋላችን ወይዘሮ ይታይሽ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ጓድ፣ ባለቤቴን እኔ ሁልጊዜ እሰማቸዋለሁ። አይጎዱም። ሰላም ይበሏቸው፤ ሰላምታ ይወዱ ነበር» አሉ።

ጓድ ተሰማ እጃቸው ወደ ግንባራቸው ተነሳ። «በስመ አብ ወወልድ…» ብለው ጀመሩና እኛን አዩ። እጃቸው በዚያው ቆባቸውን አስተካከለ።

«አየር ነው» አሉ ቀጥ ብለው። «ሳይንሳዊ ነው። ቢሆንም እንግዶቹ ይህን ማየት የለባቸውም። ነገ በጠዋት በሲሚንቶ ይደፈን። እንግዶቹ ሳይገቡ እኔ ራሴ አየዋለሁ።» እስከ በሩ ድረስ ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሳይሰጡ ወጡ።

ውሃውን ወዲያው በጨርቅ መጠጥኩት። ሁለታችንም አጎንብሰን አዳመጥን። ከታች ሳል ተሰማ፤ የታፈነ፣ በጨርቅ የተያዘ ሳል።

«በደህና ነው?» አልኩ።

«ከከሰሉ ወዲህ ያዞረዋል። እግሩም ከረመ መንገድ ካየ።» ነጠላቸውን እጃቸው ላይ መልሰው ጠቀለሉ። «ዛሬ መሄድ አለበት። ምርጫ የለውም።»

«እርስዎ ይሸኙታል?»

«አልሸኝም። በሩን ክፍት ትቼ እተኛለሁ። መሄዱን ካላየሁ ነገ ሲጠይቁኝ አላውቅም የምለው እውነት ይሆናል። የጠፋው ልጄ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ፊቴ ላይ ነው የሚፈልጉት።»

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ገና ጉሙ ሳይነሳ ደረስኩ። ጋሽ ደሳለኝ ሲሚንቶውንና ዲጅኖውን ደፉ ላይ አውርደው ነበር። እኔን ሲያዩ «አይዞሽ» ብለው ሄዱ። ወይዘሮ ይታይሽ በረንዳው ላይ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ተቀምጠዋል።

ገባሁ። ድንጋዩ አልቦት ነበር።

ሰም የተቀባ ስለሆነ ላቡ ሳይጠጣ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ቆሟል። መዳፌን አሳረፍኩበት። እንደ ሌሎቹ በረዶ ሆኗል። ወደ አገዳዎቹ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ፉጨት የለም። ሰሙ በዙሪያው ተሰንጥቋል። ግን ከውስጥ ገፍቶ ወጥቶ ድንጋዩን የመለሰ ሰውና ገፍቶ መውጣት ያቃተው ሰው ሰሙ ላይ የሚተዉት ስንጥቅ አንድ ነው።

ተመልሼ ወጣሁ።

«እትዬ፣ ቀዝቅዟል።»

አልዞሩም። «ድፈኚው።»

«ሳላየው?»

«እኔ አላይም። አልችልም፣ ልጄ። ሄዷል ብዬ ተቀምጫለሁ፤ ተይኝ እንዲሁ ልቀመጥ። ድፈኚው።»

በዚያ ሰዓት ማድረግ የምችለው ቀላል ነገር ሲሚንቶውን ማቡካት ነበር። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ጓድ ተሰማ ሊመጡ ነው፤ የእናቱም ፈቃድ ይኸው ነው። ዲጅኖውን አነሳሁ። ጫፉን መጋጠሚያው ውስጥ አስገብቼ በሰውነቴ ተንጠለጠልኩበት። ድንጋዩ ተነቃነቀ። ሥሩ ጠጠር አስገባሁ፤ ደግሜ ተጫንኩ። ተነሳና ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

ያረጀ እህልና የላምባ ሽታ ያለው ቀዝቃዛ አየር ፊቴን መታኝ። ባትሪ አብርቼ በሆዴ ተኛሁና አንገቴን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ሰሌን አለ። የታጠፈ ብርድ ልብስ አለ። ኩራዝ፣ የውሃ ቅል። ብርሃኑን በየጥጉ አዞርኩ፤ ሰሌኑንም በዲጅኖው ገልጬ አየሁ።

«ባዶ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ከበረንዳው «በደንብ አየሽ?» አሉ።

«በደንብ አይቻለሁ፣ እትዬ። ሄዷል።»

የዚያን ጊዜ ነው ሲያለቅሱ የሰማኋቸው።

ዕቃውን በዲጅኖው እየሳብኩ አወጣሁና ወደ ሰርቪስ ቤቱ ወሰድኩ። ድንጋዩን ልመልስ ስል ሥሩን አየሁት። በኩራዝ ጥላሸት ጠቁሯል። በጥላሸቱ ላይ የመዳፍ ዱካ ነበር። አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ፣ ብዙ። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው መሀል ላይ ያለው ነው። ሙቀቱን ለመለካት በየጠዋቱ እኔ ከላይ መዳፌን የማሳርፍበት ቦታ ነው። የእኔን እጅ ድምፅ ሰምቶ እጁን ያስቀምጥ እንደነበር፣ ወይስ ድንጋዩ ወርዶ እንዳይጫነው ይደግፍ እንደነበር፣ አላውቅም። እጄን ልለካው ቀረብኩና ተውኩት።

ጨርቅ በላምባ ነክሬ ሥሩን በሙሉ ጠረግሁ። ጣቶቹ ቶሎ አልለቀቁም፤ ደጋግሜ ፈተግሁ። ሲጠፋ ድንጋዩን መለስኩ፣ አገዳዎቹን ነቀልኩ፣ ሲሚንቶ አቡክቼ ዙሪያውን ሞላሁ፣ እርጥብ ጆንያ አለበስኩት።

ልጁ የት እንደደረሰ እናቱን አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ወለል አሽጌያለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ስለ ዘይትና ስለ ሰም ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር እነግራለሁ። የሚነሳ ድንጋይ ካለ አንሱት፤ ከሥሩ ያለውን በዓይናችሁ እዩ፤ ከዚያ ድፈኑ። ሰዓት የለም ቢሏችሁም፣ ባለቤቱ ተዉት ቢላችሁም።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት እጄን በአመድ ታጥቤ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ጓድ ተሰማ ራሴ አየዋለሁ እንዳሉት አልመጡም፤ እዚያው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «ደፍኛለሁ» አልኳቸው፤ እሳቸውም እንደ መጀመሪያው ቀን «ምን?» አላሉም።